ሰፈሩን በሙሉ የቀባሁበት ቱቦ

ዛሬ ጤና ጣቢያ የደረሰብኝን ከባጃጅ ሹፌሮች ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት! ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው እስካሁን ውጫሌ ደርሶ ይሆናል።

ለማታውቁኝ፣ ሰዓዳ ነኝ። ሪያድ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ከአራት ወር በፊት ተመለስኩ። አዎ፣ ያቺ ቲክቶክ ላይ ስለ ቆዳ አጠባበቅ ስትለፈልፍ የነበረችው።

"የነበረችው" ያልኩት ቪዲዮዎቹን ዛሬ ስላጠፋኋቸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሻንጣ ነው። ከዐረብ አገር የመጣ ሰው ሻንጣውን ጎረቤት ፊት ካልከፈተ መጣ አይባልም፤ ታውቁታላችሁ። እኔም ከፈትኩ። ሽቶው ሄደ፣ ሻርፑ ሄደ፣ ሳሙናው ሄደ። ከሥር አንዲት የቅባት ቱቦ ቀረች። የአሠሪዬ ነበረች፤ ማዳም ስትሰለቻት "ውሰጂው" ብላ የሰጠችኝ።

ለምን እንደሆነች አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

በዚያው ሰሞን አንገቴ ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ነገር ወጣች። ዳር ዳሯ የቀላ፣ የምታሳክክ። ጭርት ናት። ቱቦዋን አወጣሁና ቀባኋት።

በሁለት ቀን ጠፋች! ወላሂ ጠፋች!

ታዲያ እኔ ዝም እላለሁ? አጥር ለምንጋራቸው ለእትዬ አሰገደች ነገርኳቸው። እትዬ አሰገደች እኔ ሪያድ እያለሁ እናቴ ስትታመም ሌት ተቀን ያስታመሙልኝ ሴት ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ሜሮን፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ራሷ ላይ ጭርት ወጥቶባት ነበር። አንቺ አገር ያየሽ ነሽ፣ እስቲ እያት አሉኝ።

አየኋት። እንደ ስፔሻሊስት አገጬን ይዤ አየኋት። ከዚያ ቱቦዋ ላይ የተጻፈውን ዐረብኛ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ስለቀራሁ ፊደሉን አሳምሬ አነባለሁ። ሪያድ የለመድኩት ዐረብኛ ግን የወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ዐረብኛ ነው።

ካነበብኩት አንድም ቃል አልገባኝም! እትዬ አሰገደች ግን በአድናቆት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ይህን አይቶ ማን አልገባኝም ይላል?

ከዚያ በኋላ ቤቴ ክሊኒክ ሆነ። ቱቦዋን ስለሳሳሁላት በሃይላንድ ክዳን እየጨመቅኩ አደልኩ። ለሜሮን፣ ለራሷ። ለባለ ባጃጁ ለጀማል፣ ለእግር ጣቱ። ለጎረቤታችን ለሐጂ ሙሄ፣ ለማይነገር ቦታ። "በቀን ሁለቴ ተቀቡት፣ ሲጠፋ ተዉት" እላለሁ። ይህችን "ሲጠፋ ተዉት" የምትለዋን ከየት እንዳመጣኋት አላህ ይወቅ።

እንዴት ሆናችሁ ስላቸው ሐጂም ጀማልም አልሐምዱሊላህ ይላሉ። እትዬ አሰገደችም ተመስገን ይላሉ። በቃ፣ ጎበዝ ነኝ አልኩ።

የኔዋ ጭርት ግን ተመለሰች። ብቻዋንም አልመጣችም።

ስቀባት ትጠፋለች፣ ስተዋት ሰፍታ ትመጣለች። ወር ሳይሞላ አንገቴ ላይ የሐይቃችን ካርታ ተሥሎ ነበር፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ምላስ መሬት እንኳ አልቀረም! ሒጃቤን እስከ አገጬ ሳብኩና ስለ ቆዳ አጠባበቅ ማስተማሬን ቀጠልኩ። እናንተም ላይክ አደረጋችሁ። እጃችሁ አለበት።

ዛሬ ጠዋት አልቻልኩም። ሰፈር እንዳያየኝ በጓሮ ወጣሁ። ጀማል እንዳያገኘኝ ባጃጅ አልያዝኩም። በእግሬ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ጤና ጣቢያ ደረስኩ።

አግዳሚው ላይ ማን ተቀምጦ ባገኝ ጥሩ ነው?

ሐጂ ሙሄ። ጀማል፣ አንድ እግሩን በጫማ፣ አንድ እግሩን በነጠላ ጫማ አድርጎ። እትዬ አሰገደች፣ ሻሽ የጠመጠመች ሜሮንን ታቅፈው።

ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን።

ሐጂ ሙሄ ማንም ሳይጠይቃቸው ለደም ግፊት ነው የመጣሁ አሉ። ጀማል የታመመ ጓደኛ ሊጠይቅ ነው። እኔም ጉንፋን ነው አልኩ፣ አንገቴን እያከክኩ።

እትዬ አሰገደች ሜሮንን ይዘው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ሲስተሯ ወጣች፤ ከኔ የምታንስ ልጅ ናት። እጇ ላይ ሰማያዊ የሃይላንድ ክዳን አለ።

"ይቺን የመሰለ ክዳን ሌላ ማን ይዟል?"

ሐጂ ሙሄ ቀስ ብለው ኪሳቸው ገቡ። ጀማልም ገባ። ክዳኖቹ ወጡ!

"ማን ነው የሰጣችሁ?"

ያ ረቢ፣ ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ሁሉም እኔ አጠገባቸው እንዳለሁ ያውቃሉ። አንድም ዓይን ወደ እኔ አልዞረም።

"መንገደኛ ነው" አሉ ሐጂ ሙሄ። "ሰጥቶን አለፈ።"

"አዎ፣ መንገደኛ ነው" አሉ እትዬ አሰገደች ከበሩ ላይ።

ሐጅ ያደረጉ ሰው ለኔ ሲሉ ዋሹ! እትዬ አሰገደችም በጾም፣ ልጃቸውን እንደያዙ፣ ለኔ ሲሉ ዋሹ! እንዲህ ያለ ሰው መሐል እየኖርኩ አላወቅኩም ነበር።

ቀና ስል ሜሮንን አየኋት። ሻሹ ተፈቷል። አናቷ ላይ መዳፌን የሚያህል ቦታ ፀጉር የለውም። ለካ ወር ሙሉ ሻሽ የምትጠመጥመው እኔ እንዳላይ ነው።

"መንገደኛዋ እኔ ነኝ" አልኩ።

ሲስተሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቱቦዋን ከቦርሳዬ አስወጣችና በጀርባዋ ያለውን ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አነበበች። ፈንገስ ገዳይ አለበት አለች፤ ግን አብሮት ጠንካራ ስቴሮይድ አለ። ስቴሮይዱ መቅላቱንና ማሳከኩን ያጠፋና የዳነ ያስመስላል፤ ፈንገሱ ከሥር እየሰፋ ይሄዳል። ጊዜዋ ካለፈም ሁለት ዓመቷ ነው።

ሱብሃነላህ! በዓይን የማይታይ ነገር እኛን ሁሉ እንዲህ ይጫወትብን?

ከዚያ ለየሰዉ የየራሱን ቱቦ አዘዘች። ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ስስ ተደርጎ፣ ከቁስሉ ዳር አልፎ ይቀባል። እጅም ይታጠባል። ሲጠፋ አይተውም፤ እሷ እስከጻፈችው ቀን ድረስ ነው። ቱቦም፣ ፎጣም፣ ሻርፕም አይዋዋሱም። ይህን ስትል አየችኝ። ሻርፕ ማደሌን ማን ነገራት?

የሜሮን ግን ሌላ ነው። የራስ ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም፤ ቅባቱ የፀጉሩ ሥር አይደርስም። በኪሎዋ ልክ የሚዋጥ ኪኒን ነው፣ ለሳምንታት፣ በየቀኑ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። ጾም መሆኑን ላነሳ ስል እትዬ አሰገደች ቀደሙኝ፤ ጾሙ የኔ ነው፣ እሷ ወተቷን ትጠጣለች አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ፀጉሯ ይመለሳል?" ብለው ጠየቁ።

ሲስተሯ በጣቷ እየዳሰሰች ብዙ ቆየች። ሥሩ የሞተ አይመስለኝም አለች። ኪኒኑ ሳይዘለል ከተወሰደ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ግን አምጥታችሁ ታሳዩኛላችሁ አለች።

ደጅ ስንወጣ እትዬ አሰገደችን በድያለሁ፣ አፉ በሉኝ አልኳቸው። እየባሰባት ለምን እንዳልነገሩኝም ጠየቅኳቸው።

"ደስ ብሎሽ የሰጠሽኝን አልጠቀመኝም ብዬ እንዴት ፊትሽን ላጥቁረው?" አሉ።

ለኔ ፊት ሲሉ የልጃቸው ራስ! ይሉኝታ እዚህ ድረስ ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ላመስግናቸው፣ ልቆጣቸው፣ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ሁለተኛ እንዲህ እንዳያደርጉ አስማልኳቸው። ማሉልኝ፤ ከዚያ የኪኒኑን ፓኬት እጄ ላይ አስቀመጡት።

"እኔ ማንበብ አልችልም። በየቀኑ እየመጣሽ አንቺ ስጫት።"

"እኔ?"

"አንቺ። አብሽሪ።"

ከሰዓት ሄድኩ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ በአማርኛ፣ እየገባኝ። ሜሮን ወተቷን ይዛ ቁጭ አለች፣ አየችኝና ምንም ሳትጠይቅ አፏን ከፈተች።

ስድስት ዓመት የማዳምን ብርጭቆ አንድም ሳልሰብር ያጠብኩት እኔ፣ አንዲት ኪኒን በሁለት እጄ ይዤ ምላሷ ላይ አስቀመጥኩ። እናንተ ብትሆኑ በአንድ እጅ ትይዟት ነበር?