ሞተሯ የዋጠችው እሳት

[ግቢ ውስጥ። አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ጎኗ ተፈትቶ ቆማለች። ሊቁ የቤቱ ትልቋ ልጅ ባል ነው፤ በግቢው የተበላሸ ነገር ሁሉ በእጁ ያልፋል፣ ተስተካክሎ የወጣ ግን የለም። ጋጋሪው የታናሽየዋ ባል ነው፤ ዳቦ ቤት ይሠራል፣ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል።]

ጋጋሪው፦ እኔ ግን እርጥብ ነው እልሃለሁ።

ሊቁ፦ አይደለም!

ጋጋሪው፦ እጄ ላይ ይንጠባጠባል እኮ።

ሊቁ፦ የሚንጠባጠበው እጅህ ነው! ይሄ ስፖንጅ የአየር ማጣሪያ ይባላል። ሞተሯ በዚህ ነው የምትተነፍሰው። የሃያ ዓመት አቧራ ነበረበት፣ በቤንዚን አጠብኩት። አለቀ!

ጋጋሪው፦ መጀመሪያ አይደርቅም?

ሊቁ፦ ሞተር የሚጠጣው ምንድን ነው?

ጋጋሪው፦ ቤንዚን።

ሊቁ፦ ስፖንጁ የጠጣውስ?

ጋጋሪው፦ ቤንዚን።

ሊቁ፦ ታዲያ! ቁርሷን አፏ ድረስ አቀረብኩላት።

ጋጋሪው፦ እኛ ፎርኖ አጠገብ ቤንዚን የነካው ጨርቅ እንኳ አናስቀምጥም።

ሊቁ፦ ይሄ ዳቦ አይደለም! አማታችን ምን አሉ? «ከእንቅልፌ ሳልነቃ ያስነሳት ይውሰዳት» አላሉም?

ጋጋሪው፦ ብለዋል።

ሊቁ፦ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ስኖር አንድ ቀን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። የውሃ ፓምፑን ስጠግን «እጅህን ሰብስብ!» የበሩን ደወል ስጠግን «እጅህን ሰብስብ!» አንጀቴ እርር ብሏል፣ ወንድሜ። ዛሬ ግን ያዩኛል!

ጋጋሪው፦ አሮጌ ሞተር ያስነጥሳታል፣ እሳት ወደ ኋላ ትተፋለች ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሊቁ፦ ዳቦ የሚገዛ ሁሉ ያወራውን ይዘህ መጥተህ ልታስተምረኝ ነው? በሞተር ከኔ ወዲያ ላሳር! [ስፖንጁን ይገጥማል፤ ማስነሻውን ይረግጣል። ሞተሯ አትነሳም።]

ጋጋሪው፦ ትንሽ ብናናፍሰውስ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሊቁ፦ አፍህን ያዝ! [ባለ በሌለ ኃይሉ ይረግጣል። ሞተሯ «ጧ!» ብላ ታስነጥሳለች። ስፖንጁ ቦግ ይላል፤ ነበልባሉ መቀመጫዋን ይልሳል።]

ጋጋሪው፦ ተነሳች ማለት ነው?

ሊቁ፦ እሳት! ጉዴ ፈላ! ኧረ ውሃ!

ጋጋሪው፦ ውሃ ቤንዚኑን ይበትነዋል። እርገጥ!

ሊቁ፦ ምኑን?

ጋጋሪው፦ ማስነሻውን! ፎርኖው እሳት በበሩ ሲተፋ የጭስ ማውጫውን እንከፍታለን፤ አየሩ እሳቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በዚህ ትተነፍሳለች አላልክም? እርገጥ፣ ትሳበው!

ሊቁ፦ አብደሃል? እኔ ልጆች አሉኝ! [እግሬ አውጪኝ ብሎ ከበርሜሉ ጀርባ ይሸሸጋል።]

[ጋጋሪው ነዳጅ እየሰጠ ይረግጣል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሞተሯ እሳቱን ስባ ትውጠዋለች፣ ታስላለች፣ ከዚያ ድድድድ እያለች ትነሳለች። የቀረውን ነበልባል በእርጥብ ጆንያ ያፍነዋል።]

ሊቁ፦ [አንገቱን ብቅ አድርጎ] ጠፋ?

ጋጋሪው፦ ጠፋ። ተነሳችም።

ሊቁ፦ ተነሳች?! [ልብሱን እያራገፈ ይመጣል] ስማኝ ወንድሜ፣ ያጠብኩት እኔ፣ የገጠምኩት እኔ። አንተ እግርህን ነው ያዋጣኸው። ስለዚህ ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ተግባባን?

ጋጋሪው፦ ሙያ በልብ ነው። ይሁንልህ።

[የፎቁ መስኮት ይበረገዳል። የአማትየው ድምፅ፦ «ሞተሬ ላይ ማን ነበር?»]

ሊቁ፦ [ደረቱን ነፍቶ] እኔ ነኝ አባባ! ብቻዬን! ሌላ ሰው ጫፏን አልነካም!

[መስኮቱ ይዘጋል። ደረጃው ላይ የከዘራ ኳኳታ ይሰማል፤ እየፈጠነ ይወርዳል።]

ሊቁ፦ ሰማህ? ሊያቅፉኝ እየሮጡ ነው! ስምንት ዓመት ጠብቄ!

ጋጋሪው፦ ተመስገን። እኔማ ጨንቆኝ ነበር።

ሊቁ፦ አንተን ደግሞ ምን አስጨነቀህ?

ጋጋሪው፦ ከላይ ሆነው የሚያዩት የነደደውን መቀመጫ ነው። ማን አቃጠለው ብለው ሲጠይቁኝ፣ በምን አፌ ያንተን ስም እጠራለሁ ብዬ ነዋ።