አልበቃ ያለው እሳት

ማጋነን ከመዋሸት ይለያል። ውሸታም የሌለውን ይፈጥራል፤ እኔ ያለውን ነው የማሳድገው። ከአርዲቦ ሐይቅ ያወጣሁት ዓሣ ጥጃ ያክል ነበር ስል፣ ዓሣው መቼም ነበር አይደል?

ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ ሲደመር፣ ጎረቤቶቼ ሰዓሊው ሲሳይና የኬሚስትሪ አስተማሪው ሰይድም ተደመሩ። የሲሳይ እናት እትዬ አስናቀች እግራቸው ከድቷቸው ከተማችን አጠገብ ያለውን ሐይቅ ካዩ ቆይተዋል፤ መስኮታቸው የሚያሳያቸው የእኔን ግድግዳ ነው። እሱን እያዩ ስንት ዓመት ይኖራል? ሲሳይ ታዲያ ሳይሞቱብኝ ሐይቁን መስኮታቸው ላይ አመጣዋለሁ ብሎ ማለ፤ ሰማያዊ መስታወት ሠርቶ።

ሰይድ ጠርሙስ ፈጭቶ፣ የመዳብ ሽቦ ጨምሮ፣ ጓሮ በሠሩት የከሰል ምድጃ ያቀልጣል። ወናፉን የምነፋው እኔ ነኝ፤ ስነፋ ደሴ ላይ ቆርቆሮ ይነሣ ነበር። የሚወጣው ግን ተቀቅሎ የተረሳ ጎመን የመሰለ ጓል! ሲሳይ፣ ይሄ ሐይቁ ሳይሆን ረግረጉ ነው ይላል። ሰይድ፣ ወላሂ ቀመሩ ልክ ነው፣ እሳቱ ነው ያልበቃው ይላል። እትዬ አስናቀችም በየቀኑ በመስኮት፣ ዛሬስ እሳቱ በቃ? ይሉናል። አልበቃም እንላለን። ሁለት ዓመት ሙሉ አልበቃም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የቻለ ሸሸ። ሲሳይ እናቱን ጥሎ አልሄድ አለ፤ ሰይድ ሲሳይን ጥሎ አልሄድ አለ። እኔ የቀረሁት በጀግንነት ነው እላለሁ፤ እውነቱ ግን ጉልበቴ መሄድ እንቢ ብሎኝ ነው። አንድ ጠዋት ሲሳይ ቀለሞቹን ሊያወጣ ወደ ጓሮ እንደዞረ የመድፍ ጥይት ምድጃው ላይ ወደቀ። ሲነድ ዋለ።

ሲሳይን በአንድ ነጠላ ቋጥረን ቀበርነው። ይህን አላጋነንኩም።

በኋላ አመዱን ስንጠርግ ሰይድ መዳፍ የምታክል ነገር አነሣ። ጠርሙሱና ሽቦው አብረው ቀልጠዋል። ወደ ፀሐይ ሲያነሣት ሰማያዊ፤ ከእስጢፋኖስ ገዳም ማዶ በጠዋት የሚታየው ሐይቅ ራሱ። ያ ረቢ ብሎ አመዱ ላይ ተቀመጠ። ቀመሩ ልክ ነበር።

ወስደን መስታወቱ በረገፈው መስኮታቸው ላይ አቆምናት። እትዬ አስናቀች ብዙ አዩዋት። ይመር፣ እሳቱ በቃ? አሉኝ።

የትኛውን እሳት እንደጠየቁኝ ዛሬም አላውቅም። በአንድ ቃል ላይ አሥር የምጨምር ሰውዬ ያን ቀን ምንም አልጨመርኩም። በቃ፣ አልኳቸው።

ዓመት ሳይሞላ መድፉ ከሩቅ እንደገና አጓራ። ሰማያዊዋ መስኮቱ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እትዬ አስናቀች በእጃቸው ደገፍ አደረጓትና፣ አንተ ይመር፣ አሉኝ፣ በቃ ከምትለኝ ያ ጥጃ የሚያክለው ዓሣህ ይሻል ነበር።