የወንበር ሐረግ ቆጣሪው

ዕውቀት ከጎደለው ሰው ይልቅ ዕውቀት የተረፈው ሰው ያደክማል። በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ አይጠፋም፤ ሰላም ብለኸው ልታልፍ ስትል ታሪክ አሸክሞ ይሰድሃል። በዚህኛው ሰፈር ሹመቱ የክቡር ጋሽ ሐረጉ ነው፤ የፀጉር አስተካካዩ። ሰው አያት ቅድመ አያቱን ይቆጥራል፤ እሳቸው የሚቆጥሩት የምክር ቤት ወንበር ነው። የምርጫ ክልል አራትን ማን ያዘው፣ ማን ተካው፣ ማን ገለበጠው፣ አንድ በአንድ ሐረጉን እየመዘዙ ያወርዱታል። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ መጣ።

«ወንበር ባዶ አያድርም!» ይላሉ መቀሱን እያንቀጫቀጩ። የሚከራከራቸው የለም። ምላጭ አንገቱ ላይ ያረፈ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ባለቤታቸው ግን አንድ ጊዜ፣ «የክልል አራቷን እንደራሴ፣ መምህሯን፣ ነጋዴው ተኳቸው» ሲሉ ሰምተው ሞክረው ነበር። «እኔ እኮ የመረጥኩት መምህሯን ነው። ነጋዴው ወረቀቱ ላይ አልነበሩም» አሏቸው።

«የሰው ምርጫ ጣቢያ ገብተሽ ነዋ!»

ጋሽ ሐረጉ የሚመርጡት ሱቃቸው ባለበት በገበያው ምርጫ ጣቢያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ነጋዴው ነበሩ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ሰፈሩን ከትምህርት ቤቱ የሚለየው ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ሲሞላና ልጆች ወዲያ ማዶ ሲቀሩ፣ የድልድዩን ጉዳይ ይዘው ወደ ነጋዴው ቢሮ የሚመላለሱት ጋሽ ሐረጉ ሆኑ። ሰፈርተኛው «እሳቸው ያውቃሉ» ብሎ ተኛ። ነጋዴውም በየዓመቱ «እናያለን» እያሉ በፈገግታ ሸኟቸው።

የእህታቸው ልጅ ሬዲዮ ጣቢያ የተቀጠረችው በቅርቡ ነው። አዲሱ ምክር ቤት ሊከፈት ሲል አለቃዋ፣ የክልል አራትን ወንበር ታሪክ በቀጥታ ሥርጭት የሚተርክ ሰው እንድትፈልግ አዘዛት። የመጀመሪያዋ የቀጥታ ሥርጭት ነበር። አላመነታችም። «አጎቴ አሉ!» አለች።

ጋሽ ሐረጉ ከረባት አስረው፣ ሽቶ ተርከፍክፈው መጡ። ማይክሮፎኑንም እንደ ደንበኛ አገጭ ቀና አድርገው ያዙት።

«መጀመሪያ ሐኪሙ ነበሩ። ሐኪሙን መምህሯ ተኳቸው። መምህሯን ነጋዴው ዘረሯቸው! ነጋዴውን ደግሞ ዘንድሮ መሐንዲሱ ተካቸው። ጥርት ያለ ሐረግ!»

ስልኩ ጮኸ። የአሮጊት ድምፅ ነበር፣ ረጋ ያለ።

«ተዘረሩ የተባልኩት መምህር ነኝ።»

የእህታቸው ልጅ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገች።

«ከነጋዴው ጋር ተወዳድረን አናውቅም» አሉ ሴትዮዋ። «ድንበሩ እንደ አዲስ ሲሰመር ክልል አራት ለሦስት ተቆረሰ። ቁጥሩ ከገበያው ጋር ሄደ። አብዛኛው ሕዝቤ እኔ ወዳለሁበት ወደ ክልል ሰባት ገባ፤ እዚያ ተወዳድሬ አሸነፍኩ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ማነው የተካኝ? ቁጥሬን የወሰደው ነው? ወይስ ሕዝቤን የወሰድኩት እኔው ነኝ? ራሴን ተካሁ እንዴ?»

ጋሽ ሐረጉ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

«ቤትዎስ የት ነው?» አሉ መምህሯ።

«ከ... ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።»

«እኮ! ክልል ሰባት ነዎት። የእርስዎ እንደራሴ እኔ ነበርኩ። የወፍጮ ቤት ሰው ስለዚያ ወንዝ አንድ ቀን ይመጣል ብዬ አምስት ዓመት ሙሉ በሬን ከፍቼ ጠበቅሁ። አንድም ሰው ዝር አላለም።»

በመስተዋቱ ማዶ አለቃዋ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኗል። ወዲያው ግን የስልኮቹ መብራት ሁሉ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። የሚደውለው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ የእኔ ተወካይ ማነው?» ጋሽ ሐረጉ ማዳመጫውን አውልቀው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።

በማግስቱ ሱቁ ዝግ ነበር። በሠርጋቸው ቀን እንኳ ያልዘጉት ሱቅ! የእህታቸው ልጅ ፍለጋ ወጣች። ወንዙ ዳር አገኘቻቸው። አጎቷ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውሃው ውስጥ ቆመዋል፤ ክንዳቸውን የያዙት ደግሞ መምህሯ ናቸው። የክልል ሰባት አዲሱ ተመራጭ ማዶ ይጠብቃቸዋል፤ የድልድዩን ጉዳይ እንዲያይ ቀጥረው ያስመጡት መምህሯ ናቸው።

አጎቷ «ይቅር ይበሉኝ» ሲሉ ሰማቻቸው። ሃያ ሰባት ዓመት ስታውቃቸው ይህ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

«በኋላ ይደርሳል። አሁን እግርዎን ይመልከቱ» አሉ መምህሯ።

መሃል ሲደርሱ ጋሽ ሐረጉ ቀጥ አሉ። አመላቸው ተነሳ። «ለመሆኑ እዚህ የቆምንበት የማን ክልል ነው?»

«ድንበሩ ራሱ ነው። እዚህ ብንሰጥም የሚጠየቅልን እንደራሴ የለም። ይራመዱ!»

ጋሽ ሐረጉ ደንግጠው ረጅም እርምጃ ሲያነሡ ተንገዳገዱ። የእህታቸው ልጅ «ጋሼ!» ብላ ከነጫማዋ ውሃው ውስጥ ገብታ ሌላኛውን ክንዳቸውን ያዘች።