ስድስት መለኪያ

(የጓጉንቸር ፋብሪካ፣ የአዳዲስ ምርት ክፍል። ወጣቱ መሐንዲስ የአዲሱን ጓጉንቸር የገበያ ውጤት ዛሬ ለሥራ አስኪያጇ ያቀርባል፤ «ተሳክቷል» ከተባለለት የክፍል ኃላፊ ይሆናልና ከማለዳ ጀምሮ ምድር አልበቃችውም። የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ፣ ጋሼ ቀስበቀስ፣ ስድስት የመጠጥ መለኪያ በትሪ ይዘው ፊቱ ቆመዋል።)

መሐንዲሱ፦ ኧረ ጋሼ፣ እኔ አምጡ ያልኩዎት የስኬት መለኪያ ነው። ስድስቱን ወረቀት።

ጋሼ ቀስበቀስ፦ እኔማ ተሳክቶልህ ልንጠጣ መስሎኝ ነው፣ ልጄ።

መሐንዲሱ፦ ያስቀምጡትና ላስረዳዎት። የአንድ ምርት ስኬት በግምት አይታወቅም፤ ይለካል። በተባለው ቀን አልቋል? አልቋል። ይዝጋል? አይዝግም። መዶሻ ይሰብረዋል?

ጋሼ ቀስበቀስ፦ ወይ ፍንክች። ትናንት ግማሽ ቀን ቀጥቅጬዋለሁ።

መሐንዲሱ፦ (እየጻፈ) ጎሽ። ሳይታዘዙ ሞከሩልኝ ማለት ነው።

ጋሼ ቀስበቀስ፦ ሙከራ እንኳ አልነበረም፣ ቸግሮኝ ነው። ለመሆኑ መከፈቱስ ስንተኛው መለኪያ ነው?

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ የጓጉንቸር ሥራው መቆለፍ ነው። ይልቅ ዋናው ስድስተኛው ነው፤ የደንበኛ ስሞታ። ገበያ ከወጣ ሦስት ወሩ። ከስሞታ ሳጥኑ ስንት ወረቀት አወጡ?

ጋሼ ቀስበቀስ፦ አንድም።

መሐንዲሱ፦ ዜሮ ስሞታ። (ከሥሯ ሁለቴ ያሰምርባታል።)

ጋሼ ቀስበቀስ፦ ሰዉ ግን ጠዋት ጠዋት ሳጥኑ ጋ ይሰለፋል።

መሐንዲሱ፦ ሊያመሰግን ነዋ።

ጋሼ ቀስበቀስ፦ ይሆናል። አንዱማ በሩን ነቅሎ፣ ተሸክሞት ነው የመጣው።

(መሐንዲሱ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል።)

መሐንዲሱ፦ ታዲያ ወረቀቶቹን ለምን አላወጧቸውም?

ጋሼ ቀስበቀስ፦ ሳጥኑ አልከፈት አለኛ። «በአዲሱ ጓጉንቸር ይቆለፍ፣ ማስታወቂያ ይሆነናል» ያልከኝ አንተ አይደለህ?

(መሐንዲሱ ወደ በሩ ዞር ብሎ አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።)

መሐንዲሱ፦ ይሄን ሥራ አስኪያጇ እንዳይሰሙ። ደግሞ ሰዓቱ አልፏል፤ የት ቀሩ?

ጋሼ ቀስበቀስ፦ ደጅ ናቸው። ቢሯቸው አልከፈት ብሏቸው፣ ወረቀት ይዘው ሰልፉ ውስጥ ገብተዋል።

(መሐንዲሱ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል። ኃላፊነቱ ዓይኑ እያየ ሲያመልጠው፣ ወረቀቶቹን ገፍቶ ትሪውን ወደ ራሱ ይስባል።)

መሐንዲሱ፦ እስቲ በአንዱ መለኪያ ይቅዱልኝ፣ ጋሼ። መጠጡም በአዲሱ ከተቆለፈበት ግን ይተዉት።

ጋሼ ቀስበቀስ፦ (ከኪሳቸው ያረጀች ቁልፍ እያወጡ) ምን ነካህ ልጄ፤ የምፈልገውን ዕቃማ በአሮጌው ነው የምቆልፈው።