ሻምበልን ሳጥን ማስለመድ

ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆንባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ መጀመሪያ ኪሴን እዳብሳለሁ። ምን ላድርግ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሂሳብ ያስተማረ ሰው፣ ሰነፍ ተማሪ ድንገት መቶ ከመቶ ሲያመጣ ከማጨብጨቡ በፊት ዴስኩ ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ይለምድበታል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ እኮ ገነት ብትገባም መጀመሪያ የምትፈትሸው አጥሩን ነው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ምክንያቱ የታወቀ ደግነት ያስደስተኛል፤ ያልታወቀውን ግን ምክንያቱ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።

እንግዲህ አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ማህሌት በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ትልቅ ካርቶን ስትልክልኝ በምን ዓይን እንዳየሁት ገምቱ። ስከፍተው ባለ ሽቦ በር የፕላስቲክ ሳጥን ወጣ። ከላዩ መያዣ አለው፤ ጎንና ጎኑ ለአየር ተበስቷል። ደወልኩላት።

«ለሻምበል ነው አባዬ። ለገና ስትመጣ ይዘኸው ትመጣለህ። ግን ሳጥኑን ቀድሞ መልመድ አለበት። በግድ አይሆንም፣ እንዴት እንደሚደረግ በድምፅ እልክልሃለሁ።»

ሻምበል ድመቴ ነው። ማዕረጉን ያገኘው በግቢው አይጦች ላይ ባደረሰው ጉዳት ነው፤ ጡረታ የወጣነው ግን አንድ ሰሞን ነው። ከዚህ በፊት አዲስ አበባ ስሄድ ለጎረቤት ትቼው ነበር የምሄደው። ዘንድሮ አብሮኝ መጋበዙ ገረመኝ።

የልጄ ትምህርት በየቀኑ በስልኬ ይገባ ጀመር። ሳጥኑን እሱ ከሚተኛበት አጠገብ አድርገው፣ በሩን ክፍት ተወው። የራሱ ጠረን ያለበት ጨርቅ አንጥፍለት። የሚወደውን ምግብ መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ከዚያ ገባ አድርገህ አስቀምጥለት። ሻምበል ሦስት ቀን ሙሉ ሳጥኑን በሩቁ ሲዞረው ከረመ። በአራተኛው ቀን አንድ እጁን ብቻ ልኮ ሥጋውን ጎትቶ አወጣና ውጭ በላው። ደስ አለኝ። ያሳደግሁት እኔ አይደለሁ?

ችግሩ ከሐጅያ ዘይነባ ጋር ነው። ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ያለው ግቢያችን ሁለት ቤት ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሳቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «አንተ» ይሉኛል፤ እኔ «እርስዎ» እላቸዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት በዚሁ ተስማምተን ኖረናል። ሳጥኑን እንዳዩ ቆም አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሻምበል ቤት ነው፣ ሐጅያ።»

«ቤት በሽቦ ይዘጋል እንዴ? ድመት ዘግታ ያስራበች ሴት በዚያው ጦስ የጀሀነም እሳት ገብታለች። ሀራም ነው፣ ወላሂ።»

«እኔ እኮ እያበላሁት ነው» ብላቸውም ሰሚ የለም። ከዚያ ወዲያ ሥጋውን ሊበላ ሲገባ ለአሥር ደቂቃ ዘግቼው ዳቦ ልገዛ ወጣ ካልኩ፣ ስመለስ በሩ ተከፍቶ፣ ሻምበል ሐጅያ ቤት፣ ነደባ በሚሉት ሰፊ መደባቸው ላይ፣ ሆዱ ተነፍቶ ተጋድሞ አገኘዋለሁ። ሐጅያን ጠየቅኳቸው፤ ጥያቄዬን ትተው ስለ ሽንኩርት መወደድ ነገሩኝ። ይኸውላችሁ፣ ሻምበል ሳጥኑን ይጠረጥራል፣ ሐጅያ እኔን ይጠረጥራሉ፣ እኔ ሐጅያን እጠረጥራለሁ። ልጄን የጠረጠረ ማንም አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ መልእክት መጣ። «በሩን የምትዘጋው በጥቂት በጥቂቱ ነው አባዬ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ጨመር እያደረግህ። ሁልጊዜ ግን መልሰህ ክፈትለት። እንደሚከፈት ካመነ መዘጋቱ አያስጨንቀውም። በመጨረሻ ቤቴ ነው ብሎ ራሱ ይገባል።»

መልእክቱን ሁለቴ ሰማሁት። ዘዴው የሆነ ቦታ ያየሁት ነገር መሰለኝ።

አምና መስቀል እንዳለፈ ለዓይን ምርመራ ብላ ጠራችኝ፤ ሦስት ቀን ነበር። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሆነ። ሁለቱንም ጊዜ የመመለሻ ትኬቴን ራሷ ቆርጣ ነው የጠበቀችኝ። ባዘጋጀችልኝ አልጋ ላይ፣ ሐረር ጠፋ ብዬ ስፈልገው የከረምኩት አሮጌ ጋቢዬ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዱለት ይቀርባል፤ ያውም በልጅነቷ ሥጋ ቤት ስናልፍ አፍንጫዋን ትይዝ ከነበረች ልጅ እጅ! «ቁልፉ ያንተ ነው አባዬ፣ እንደፈለግህ ውጣ ግባ» ብላኛለች። ከሳጥኑ ጋር የላከችልኝን የገና ትኬት ከኪሴ አውጥቼ አየሁት። መሄጃ ብቻ ነው። ስለ መመለሻ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ተናደድኩ። ከመናደዴ ይልቅ ደግሞ ሳልነቃ መቆየቴ አበሸቀኝ። ደውዬ «ልጄ፣ ይሄ ትምህርት የሚሰጠው ለድመቱ ነው ወይስ ለእኔ?» አልኳት።

 «ካቻምና ክረምት ከደረጃው ወድቀህ ነበር አባዬ» አለች። «አልነገርከኝም።»

አዎ፣ አልነገርኳትም። ለማንም አልተናገርኩም። የሚያውቁት ከወደቅሁበት ያነሱኝ ሐጅያ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውንም እንዳይናገሩ ለምኛቸው ነበር።

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ሄድኩባቸው። ምስር እየለቀሙ ነው።

«ድመት መዝጋት ሀራም ነው ብለው፣ እኔን ሊያስዘጉኝ ነው?»

«አዎ» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። «ድመት ከአጥር ቢወድቅ በእግሩ ይቆማል። አንተን ከእኩለ ቀኑ የዙህር ሰላት እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት መሬት ላይ ተዘርግተህ ነው ያገኘሁህ።»

«አገኙኝ አይደል ታዲያ?»

«ከገበያ ስመለስ በዓይኔ አይቼህ ነው። ተጣርተህ ነበር ወይስ አልተጣራህም?»

ተጣርቼ ነበር። እሳቸው ከገበያ ተመልሰው ግቢ ከገቡም በኋላ፣ እስኪያዩኝ ድረስ ስጣራ ነበር። ይህን ለእሳቸውም ነግሬያቸው አላውቅም።

«ጆሮዬ እየሄደ ነው» አሉ ምስሩን እያበጠሩ። «እስከ ዛሬ ሠላሳ ዓመት እኔ አለሁልህ ብዬ ነው የኖርኩት። አሁን የለሁም። አብሽር፣ ልጅህ ጥሩ ልጅ ናት።»

 ወደ ቤቴ ገባሁ።

የመሄጃዬ ጠዋት ባጃጁ በራችን ላይ ቆሟል። ሻምበል ማንም ሳይነካው ሳጥኑ ውስጥ ገባ፣ አንድ ጊዜ ዞረና ተቀመጠ። የሽቦውን በር ይዤ ቆምኩ። መዝጋት አቃተኝ። ሐጅያ ስንቅ በፌስታል ይዘው መጡ፤ ሳጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ «አስተግፊሩላህ» ብለው በሩን በገዛ እጃቸው ዘጉት።

«አንተም ግባ» አሉኝ።

ገባሁ። ሻምበልን ከነሳጥኑ ጭኔ ላይ አስቀምጠው፣ የባጃጁን በር ከውጭ ገፍተው ዘጉልኝ። «ደህና ይሁኑ፣ ሐጅያ» አልኳቸው። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልሰሙኝም።