ጌታ የሚያውቀው የቻይና ጉዳይ

አንዲት ሴት ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዛፍ ሥር ወዲያ ወዲህ እያለች ስታጉረመርም ብታዩ ምን ትላላችሁ? ነገሌ ከሆናችሁ መልሱ አንድ ነው፤ ፍቅረኛ ይዛለች። እኔም ሌላዋን ባይ እንደዚያው እል ነበር። ዛፉ ሥር የነበርኩት እኔ ሆንኩና ነው እንጂ። እስቲ አትሳቁብኝ፤ ለዓመታት በሆዴ የያዝኩትን ነው የምነግራችሁ። የማጉረመርመው ቻይንኛ ነበር።

ከየት መጣብሽ ትሉኝ ይሆናል። ከማሽን ነው የመጣብኝ። ነገሌ ባለ አንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ቀን ያገለገለ የደም መመርመሪያ ማሽን መጣልን። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ብቻ ከቻይንኛ ሌላ አያውቅም። የገጠመው ቴክኒሻን እንግሊዝኛውን ፈልጎ ፈልጎ አጣና፣ ቀስ እያላችሁ ትለምዱታላችሁ ብሎን ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ።

ማሽኑ ይጮኻል፤ ቀይ ጽሑፍ ይደረድራል። ሕመምተኛው ውጭ ተሰልፏል። ምን ይደረግ? ጽሑፉን በስልኬ እያነሳሁ መፍታት ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ የቻይንኛ ዓረፍተ ነገሬ «የቆሻሻ መያዣው ሞልቷል» የምትል ናት። ሁለተኛዋ «እባክዎ አያጥፉ፤ ማሽኑ ሥራ ላይ ነው»። ሌላው ሰው ቋንቋ ሲጀምር ሰላምታ ይማራል። እኔ ግን ጤና ይስጥልኝ ማለት ሳልችል ስለ ቆሻሻ መያዣ መነጋገር እችል ነበር።

ማሽኑን ከለመድኩት በኋላ ማቆም ነበረብኝ። አልቻልኩም። ምሳ ሰዓት የላቦራቶሪውን በር ዘግቼ ፊደሉን እጽፋለሁ። ቻይንኛ ደግሞ ድምፅ ካላወጡለት አይሆንም፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። ለዚህ ዛፉ ሥር እሄዳለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ የምለጥፈው፣ ብቻዋን ታወራለች ከሚሉኝ ስልክ ታወራለች ቢሉኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ለምን ደበቅሽው? አፍሬ ነዋ! እኔ እኮ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ከቤቴ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ።

ከዚያ የነፃ ትምህርት ዕድል መኖሩን አየሁ። ቻይና ሄዶ አንድ ዓመት ቋንቋውንና አገሩን ማጥናት፤ ክፍያውንም፣ ማደሪያውንም፣ የኪስ ገንዘቡንም እነሱ ይችላሉ። ካየሁት ቀን ጀምሮ መቀመጥ ቀረ። ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ባዶ ባልዲ ይዤ እመለሳለሁ። ለቋንቋው ፈተና ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ቦሬ ላይ ይቆማል። ሰው ሁሉ ከብርዱ ሸሽቶ ሻይ ቤት ሲገባ እኔ ጋቢ ተከናንቤ መዳፌ ላይ በጣቴ ፊደል እጽፋለሁ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ፣ ልጄ እጅሽን ያሳክክሻል ወይ ብለው ቅባት አውጥተው ሰጡኝ። አፍሬ ተቀባሁት።

አመለከትኩ፤ አልተመረጥኩም። ደግሜ አመለከትኩ፤ አሁንም አልተመረጥኩም። ዕድሉ ደግሞ የዕድሜ ጣሪያ አለው። አንድ ዙር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በቃ፤ ማሽኑና እኔ ብቻ።

አዴ ሎኮን የማስተዋውቃችሁ እዚህ ላይ ነው። አዴ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው፤ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ናቸው፤ ባላቸው የጦር ሠፈር ሰው ነበሩ፣ አርፈዋል። ሐሙስ ከሰዓት የሴቶች ጸሎት እሳቸው ሳሎን ነው። «አካም፣ ናጋ?» ተባብለን አግዳሚው ላይ እንደረደራለን፤ እንዘምራለን፤ በመጨረሻ እያንዳንዳችን የጸሎት ርዕስ እንሰጣለን። አንዷ የልጇን ፈተና፣ አንዷ ሞያሌ ቆሞ የቀረ የባሏን መኪና። መናገር ያልፈለገች «ጌታ የሚያውቀው ጉዳይ አለኝ» ትላለች። አትጠየቅም፤ ይጸለይላታል። ለእንደኔ ዓይነቷ የተሠራ ነገር ነው። ተራዬ ሲደርስ አልኩት።

አዴ ሎኮ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ፣ ለዚች ልጃችን ባል ስጣት። ሥራ ያለው ይሁን። የማይጠጣ ይሁን።»

ባል? ማን ባል አለ? አፌን ልከፍት ስል ሳሎኑ በሙሉ «አሜን!» አለ። እኔም ከአፍረት የተነሳ አብሬ አልኩ። በሚቀጥለው ሐሙስ አስተካክለዋለሁ ብዬ ተጽናናሁ። በሚቀጥለው ሐሙስማ ምሳ ጾመውልኝ መጡ! በባዶ ሆዱ ባል ለሚለምንልኝ ሰው፣ ይቅርታ፣ ቻይንኛ ነው እንዴት እለዋለሁ? የዛፉም ነገር ሳይሰማ አልቀረም፤ አንዷ በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «ስልክ ላይ ያለው ልጅ ታዲያ ምን ያስፈራዋል? አይመጣም?» አለችኝ።

ጸሎቱ ግን ባዶውን አልቀረም። በስተቀኜ የምትቀመጠው ልጅ አገባች። ቦታዋን የወረሰችውም አገባች። በስተግራዬ የነበሩት፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሴትዮ እንኳ ሳያስቡት አገቡ። የእሷ እየሳተ እኛ ላይ ይወድቃል ተባለና እኔ አጠገብ ለመቀመጥ ሽሚያ ሆነ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የመጨረሻው ዙር ደረሰ። ቃለ መጠይቁ በስልክ በቪዲዮ ነው፤ ኔትወርክ ያለው ደግሞ ያው ዛፉ ሥር ነው። ሁለት መምህራን ብቅ አሉ። ለምን ቻይንኛ መማር ፈለግሽ አሉኝ። ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። በዚያ ላይ መስመሩ ይቆራረጥ ጀመር፤ የመምህርቷ ፊት አፉን እንደከፈተ ደረቀ። ሊሄዱብኝ ነው! ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? «እባክዎ አያጥፉ! ማሽኑ ሥራ ላይ ነው!» በጩኸት፣ በቻይንኛ። ፊታቸው ሲመለስ ሁለቱም ይስቃሉ። የት ተማርሽው አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ደሙንም፣ ቆሻሻውንም።

መመረጤን የሰማሁት ሐሙስ ጠዋት ነው። ከሰዓት ሳሎኑ ስገባ አግዳሚው ጫፍ ላይ ወንድ ተቀምጧል። በሴቶች ጸሎት! ሊበን ይባላል፤ የአዴ ሎኮ የእህት ልጅ፣ ዶሎ ኦዶ ስደተኞች መጠለያ የውሃ ሥራ ላይ ያለ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፊቱ እንደኔው በአፍረት የቀላ።

«ኢንታላ ኮ!» አሉ አዴ ሎኮ። «ልጄ፣ ጌታ መለሰ! ሥራ አለው፤ አይጠጣም። አሁን ቀን እንቁረጥ።»

እልልታው ጣሪያውን ነካ። ያን ጊዜ ካልተናገርኩ፣ ወይ ሠርጌ ላይ፣ ወይ አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ልናገር ነው። ቆምኩ።

«ጉዳዩ ባል አልነበረም» አልኩ። «ቻይንኛ ነው።»

«ቻይናዊ?» አለች አንዷ።

«ቋንቋው። ልማር። ተመርጫለሁ።»

ከኋላ፣ «ያን ሁሉ ምሳ የተውነው ለቋንቋ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ከት ብሎ የሳቀው ሊበን ነው። ሳቁን ሲጨርስ፣ ውሃ በቻይንኛ ምን ይባላል አለኝ። ነገርኩት። ደገመው፤ አበላሸው። አስተካከልኩለት። በሕይወቴ ሰው ፊት ቻይንኛ ሳወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ አልሞትኩም።

አዴ ሎኮ መጥተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ጌታስ ያውቀዋል፣ ልጄ። የማናውቀው እኛ ነን። ለእኛ ብትነግሪን ምን አለበት?» ብለው መረቁኝ።

ይህን የምጽፈው ከቻይና፣ ከማደሪያዬ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በቪዲዮ ይደውሉልኛል፤ ስልኩ ሳሎኑን ይዞራል። አሁን የሚጸልዩት ለፈተናዬ ነው። አንዲት የዋህ፣ ጌታ ሆይ ድምፅዋን በሚወጣው አውጣው፣ በሚወርደው አውርደው ብላ ጸለየችልኝ። እንዴት ደስ ይላል አይደል?

ታዲያ ለምን አላርፍም? ለምን መስኮት ከፍቼ እዘጋለሁ? ሊበን ዶሎ ኦዶ ሆኖ በየጊዜው በድምፅ መልእክት አንድ ቃል ይጠይቀኛል። ከውሃ ጀምረን ቧንቧ፣ ከቧንቧ ጉድጓድ ደርሰናል። ሳይልክ ሲውል ክፍል ውስጥ የተማርኩትን አላውቀውም።

ባለፈው ሐሙስ ላስጸልይበት ቆረጥኩ። ርዕስሽ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ «ጌታ የሚያውቀው ጉዳይ አለኝ» አልኩ።

«ገብቶናል፤ ፈተናሽ ነው!» አሉ አዴ ሎኮ። ሳሎኑ «አሜን!» አለ። «ስለ ሊበን ደግሞ እንዳትሳቀቂ። አንዲት ልጅ እያየንለት ነው። አንቺ ቦታ ላይ ነው የምትቀመጠው።»

እኔ ቦታ ላይ! ያ አግዳሚ የሚሠራውን አውቀዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ፤ የአዴ ሎኮ ፊት ደረቀ። ያለ የሌለ አቅሜን ሰብስቤ ጮህኩ። «እባክዎ አያጥፉ! ማሽኑ ሥራ ላይ ነው!»

በቻይንኛ ነው የወጣው። ከነገሌ አንድ ላይ፣ ጥርት ብሎ፣ «አሜን!» የሚል መጣልኝ።