ለቃላት ዘር የሚቆጥሩት መምህር ዜኖናስ

በሊቱዌኒያ ገጠር ሱቅ የሌለው መንደር ሞልቷል፤ የቃል ዘር ቆጣሪ የሌለው መንደር ግን አይገኝም። አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በጥንታዊነት የቋንቋችን እኩያ እንደሌለ ይነግራችኋል፤ ከዚያ ከአፋችሁ አንዷን ቃል መንጭቆ ዘመዶቿን ሊያስቆጥራችሁ ሮም፣ አቴና፣ ሕንድ ድረስ ይዟችሁ ይነጉዳል። ለእኛ መንደር የደረሱት ክቡር መምህር ዜኖናስ ናቸው። እኔ በብስክሌት ፖስታ የማድል ሴት ነኝ፤ ለእሳቸው ደብዳቤ የሌለበት ቀን ለእኔ ዓውደ ዓመት ነበር።

«ቆይ፣ ይቺ ቃል ዘመድ አላት» ይላሉ። ይህን ካሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይከፍል ያመለጠ የለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት የጭስ ማውጫቸው በእሳት ተያያዘ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ቱቦ ሲዘረጉ፣ ክቡር መምህር በፒጃማ በረዶ ላይ ቆመው የአለቃውን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል። እኛ እሳትን ኡግኒስ እንላለን፣ የሮም ሰዎች ኢግኒስ ይሉ ነበር፣ የሕንድ ካህናት ደግሞ አግኒ። አለቃው ክንዱን ማስለቀቅ አቅቶት ትእዛዙን በአገጩ ሰጠ። የጣራው እኩሌታ ሄደ። መምህር ስለ ጣራው አንስተው አያውቁም፤ የሚቆጫቸው ሰውየው አግኒን በማስታወሻው ሳይጽፋት መሄዱ ነው።

ልባቸውን ያመማቸው ጊዜም እንደዚያው ነው። ነርሷ የልብ መመርመሪያውን ገመድ ደረታቸው ላይ ስትለጥፍ፣ ልብን የምንጠራበት ሺርዲስ እና ማሽኑ ላይ የተጻፈው «ካርዲዮ» የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያስረዷት ጀመር። ዝም ይበሉ ብትላቸው ማን ሰምቷት። ሐኪሙ የወጣውን ወረቀት አይቶ ክው አለ። ወሬውን እንዲያቆሙ አፋቸው ላይ የኦክስጅን ጭንብል ተደርጎ እንደገና ሲመረመሩ ጤነኛ ሆነው ተገኙ።

የጎረቤት ልጅ ስትዳርም ብድግ ብለው ብርጭቆ አነሡ። ሴት ልጅን እኛ ዱክቴ ስንል ፋርሶች ዱኽታር እንደሚሉ፣ አንዳንድ የድሮ ሊቃውንትም ቃሉ መጀመሪያ «ላም አላቢ» ማለት ሳይሆን እንደማይቀር መጻፋቸውን ገልጸው ለሙሽራዋ ጤና ጠጡ። ሙሽራዋ ባንክ ነው የምትሠራው። እናቷ እስከ ዛሬ አታናግራቸውም።

ይህን ሁሉ ሳይሰለች የሚሰማቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ንብ አርቢው ፌሊክሳስ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የመምህር ንብ ኮብልሎ ፌሊክሳስ ጓሮ የፖም ዛፍ ላይ ሰፈረ። በእኛ ደንብ ንብ ያገናኛቸው ሰዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ መጣላት ነውር ነው። ፌሊክሳስ አፉን የማይከፍት ሰው ስለነበር ማዳመጡ አልከበደውም። ጠዋት ጠዋት ከመምህር ደጅ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ሲጨርሱ «እሺ» ብሎ ወደ ቀፎዎቹ ይሄዳል።

ባለፈው ሚያዝያ ፌሊክሳስ ሞተ።

ንብ አርቢ ሲሞት አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ለንቦቹ መርዶ ይነገራቸዋል። የቤቱ ሰው እያንዳንዱን ቀፎ አንኳኩቶ ጌታችሁ ሞተ፣ ከእኛ ጋር ቆዩ ይላቸዋል። ካልተነገራቸው ወይ ጥለው ይሄዳሉ ወይ ያልቃሉ። ሚስቱ ኤልቪራ ግን ለቅሶ ድምጿን ዘግቶታል። ልጇ ከኖርዌይ ገና አልደረሰም። ከባሏ የቀሯት ደግሞ እነዚያ ዘጠኝ ቀፎዎች ናቸው። ዞር ዞር ብላ አየችና ጣቷን ወደ መምህር ዜኖናስ ቀሰረች።

ሁላችንም ደነገጥን። ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ። መምህር «ሞተ» የምትለውን ቃል በየቀብሩ ዘሯን ሲቆጥሩላት ሰምተናል፤ ከሮም ተነሥተው ፋርስ እስኪገቡ ሃያ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ያ ሲባዛ በዘጠኝ ነው። ጠጋ ብዬ «መምህር፣ በማርያም፣ ባጭሩ» አልኳቸው።

የመጀመሪያውን ቀፎ አንኳኩ።

«ንቦች፣ ፌሊክሳስ ሞተ» አሉ።

ሮምን ጠበቅን። አልመጣችም።

«ከኤልቪራ ጋር ቆዩ። ብቻዋን ናት።»

ወደ ሁለተኛው ሄዱ፤ ያችኑ ደገሙ። በዘጠኙም ላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ዘጠነኛው ላይ እጃቸውን ከቀፎው ሳያነሡ ቆሙ። ኤልቪራ ጆሮዋን ቀፎው ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ ቆየችና እጃቸውን ይዛ ሳመችው። ንቦቹ አልሄዱም፤ ዛሬም ዘጠኙም ቀፎ ሙሉ ነው።

ዝም ያሉት መምህር ናቸው። ከቀብሩ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጋዜጣቸውን ስሰጣቸው «አመሰግናለሁ» ብለው በሩን ይዘጋሉ፤ አለቀ። ሥራዬን በጊዜ ጨርሼ ቤቴ እገባለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፤ ሲመጣ ግን አንጀቴን በላኝ።

ሐሙስ ዕለት ጋዜጣውን ሰጥቻቸው ሊዘጉ ሲሉ በሩን በእጄ ያዝኩት።

«መምህር፣ ይሄ "በር" የምንለው ቃል ከየት የመጣ ነው?»

ትክ ብለው አዩኝ። «ነግሬሽ አላውቅም እንዴ?»

አራት ጊዜ ነግረውኛል። የግሪኩንም የፋርሱንም የሕንዱንም በቃሌ እወጣዋለሁ።

«ኧረ በጭራሽ» አልኩና የፖስታ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ።